ሁለት ድክመት ይዤ ቀረብኩ

ሥራ ለማግኘት ማመልከቻ ለሚልክ ሰው ከሁሉ የሚያስፈራው «እናዝናለን፣ አልተሳካም» የሚለው መልስ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። እሱን እኔ ለምጄዋለሁ። በትሕትና ይጽፉልሻል፣ ለወደፊቱ መልካሙን ሁሉ ይመኙልሻል፣ ስልክሽን ትዘጊያለሽ፣ ሻይሽን ትጠጫለሽ፣ አለቀ። የሚያስፈራው «ይምጡና እንነጋገር» የሚለው ነው። ያ መልስ የደረሰኝ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። ስልኬን አየሁ፣ ቢላዋውን አስቀመጥኩ፣ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ዳዊት ከሥራ ሲገባ እዚያው እንደተቀመጥኩ አገኘኝ።

«ማን ሞተ?» አለኝ ዓይኔን አይቶ።

«ማንም አልሞተም። ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ሽንኩርቱ ነው» አልኩት። ግማሹ እውነት ነበር።

ሥራው የሽትራሰንባን ሹፌርነት ነው። ሽትራሰንባን ፍራንክፈርት መሀል መንገድ ላይ፣ ከመኪናው ጋር እየተጋፋ በሐዲድ የሚሄደው ትራም ነው። «አሠልጥነን እንቀጥራለን» የሚል ማስታወቂያ እዚያው ትራም ውስጥ ተለጥፎ አይቼ ነው ያመለከትኩት። የመኪና መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ አለኝ። መኪና ግን የለንም። ስለዚህ መንጃ ፈቃዴ እንደ ሠርግ ልብስ በክብር ተቀምጦ የሚኖር ነገር ነው።

ለምን ትራም ያላችሁኝ እንደሆነ፣ እኔ ባንሆፍስፊርቴል፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ የቢሮ ሕንፃ ነው የማጸዳው። ሰው ሲተኛ እሠራለሁ፣ ሰው ሲሠራ እተኛለሁ። ጠዋት ወደ ቤቴ፣ ወደ ሆኽስት የምመለሰው በትራም ነው። ሁልጊዜ ከፊት፣ ከሹፌሯ ጀርባ እቀመጣለሁ። ጸጉሯን ጠቅልላ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ያን ሁሉ ብረትና ያን ሁሉ እንቅልፋም ሕዝብ በአንድ እጇ ይዛው ትሄዳለች። እኔ የወለወልኩት ወለል ጠዋት ማን እንደረገጠው አላይም። እሷ ግን የምትወስደውን ሰው ታየዋለች።

ዳዊት ደግሞ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። እሱ ሲወጣ እኔ እገባለሁ፤ ስለዚህ የምንገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ ላይ ነው። «ልጅቷ በልታለች፣ ወተት አልቋል» ይለኛል፤ ጉንጬን ይስመኛል፤ ይወርዳል። ትዳራችን የፈረቃ ቅያሬ ሆኗል። በዚያ ላይ የጽዳት ድርጅቱ በበጋው ማብቂያ ውሌን እንደማያድስልኝ ነግሮኛል። እና ፈራሁ። እንዲህ የፈራሁበትን ምክንያት ሳስበው፣ እስከዛሬ የሚያስፈልገኝን ሥራ እንጂ የምፈልገውን ሥራ ጠይቄ አላውቅም።

ዳዊት በቃለ መጠይቅ ጉዳይ ሊቅ ነው። ብዙ ጊዜ ወድቋል። የት ላይ እንደሚወደቅ፣ እንዴት እንደሚወደቅ፣ ከወደቁ በኋላ ምን እንደሚሉሽ አንድ በአንድ ያውቃል። ይሁንና በራሱ ዕውቀት ብቻ መተማመን አልቻለምና ጋሽ መዝገቡን ጠራልኝ።

ጋሽ መዝገቡ በተማሪነት ዘመናቸው መጥተው በዚያው የቀሩ፣ እዚህ ሆኽስት ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ በመሐንዲስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጀርመንኛቸው የድሮ ሬዲዮ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ክብደት ያለው፣ ዛሬ ማንም የማይናገረው። ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ልብስ ከነክራባታቸው ለብሰው መጡና ኩሽናችን ውስጥ የጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡ።

«በይ ውጪና አንኳኪ» አሉኝ።

«የት ልውጣ ጋሽዬ? ቤቴ እኮ ነው።»

«አሁን የኔ መሥሪያ ቤት ነው።»

ከገዛ ቤቴ ወጥቼ የገዛ በሬን አንኳኳሁ። ልጄ ሊዲያ ከፈተችና በጀርመንኛ «ማማ፣ ቁልፍ ጠፋብሽ እንዴ?» አለችኝ። ገፋ አድርጌያት ገባሁ።

መጀመሪያ የእጅ አጨባበጥ ነበር። «ጠንከር አድርጊ፤ ለስለስ ያለ እጅ አይወዱም» አሉ ጋሽ መዝገቡ። ጠንከር አደረግኩ። የኔ እጅ ስንት ዓመት መወልወያ ሲጨምቅ የኖረ እጅ ነው። ጋሽ መዝገቡ ከወንበራቸው ግማሽ ድረስ ተነሡ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እእ… በቃ… በቃ ልጄ፣ ትንሽ ቀንሺ።»

ሪህ እንዳለባቸው ማን ነገረኝ! ዳዊት ሮጦ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ አመጣ። ቃለ መጠይቁ ጠያቂው እጃቸውን በፎጣ ጠቅልለው ቀጠለ።

ቀጥሎ የዓይን ነገር መጣ። «ስታናግሪ ዓይን ዓይኔን እዪ። መሬት መሬት ካየሽ የምትደብቂው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።» ይኸውላችሁ፣ እናንተው ፍረዱኝ። እኔ በልጅነቴ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኔን ቀና ካደረግኩ፣ እናቴ በዚያው ሰው ፊት ፈገግ ብላ ቤት ስንደርስ የምታደርገኝን አውቃለሁ። አሁን በስንት ዕድሜዬ፣ ቤቴ በእንግድነት የመጡ አባት ላይ ላፍጥ? ሞከርኩ። ወደ ዓይናቸው ተነሣሁ፣ ጢማቸው ላይ አረፍኩ።

«ዓይኔ ከዚያ ከፍ ይላል» አሉኝ።

ተነሣሁ። ቅንድባቸው ላይ ደረስኩ። ወረድኩ። አንድ አፍታ ዓይን ለዓይን ተያየንና ሁለታችንም ደንግጠን ወደ ማብሰያው ምድጃ ዞርን።

«ይሄ ልምምድ ይፈልጋል» አሉ ጋሽ መዝገቡ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «ወደ ጥያቄው እንሂድ። ድክመትሽ ምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ ጥያቄ! ሰው ሥራ ሊለምን ሄዶ ራሱን እንዲያማ የሚጠየቅበት አገር ነው። እኔ ግን የዋህ ነኝና በእውነት ማሰብ ጀመርኩ።

«ጋሽዬ፣ ጠዋት ቡና ካልቀመስኩ ሰው ማናገር አልወድም። ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ።»

«ግራና ቀኝ ይምታታባታል» አለ ዳዊት ከጎን።

«ትራም ግራና ቀኝ የለውም! ሐዲዱ ነው የሚወስደው!»

«ይችን ነገር እዚያ እንዳትደግሚያት» አሉ ጋሽ መዝገቡ፣ ያልታመመውን እጃቸውን ከፍ አድርገው። «ድክመት ማለት ድክመት ማለት አይደለም። እንዲህ በይ፦ ድክመቴ ሥራዬን ከመጠን በላይ መውደዴ ነው። ሁሉ ነገር ፍጹም ካልሆነ ዕረፍት አይሰማኝም።»

«ጋሽ መዝገቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ዳዊት፣ «ይሄን ሁሉም ሰው ይለዋል። እኔ ራሴ ብዬው ነው የወደቅኩት። ትዕግሥት የለኝም ብትል ይሻላል። ሥራ ቶሎ እንዲያልቅ ስለምፈልግ ትዕግሥት ያንሰኛል፣ ነው የሚባለው አሁን።»

«ትዕግሥት የሌላት ሹፌር! ሰው ልታስፈጅ ነው እንዴ?»

«አንቱ በሠሩበት ዘመንና አሁን…»

«ዘመን ነው ያልከኝ?»

ሻይ ቀዳሁላቸው። አልበረደላቸውም። አንዱን ብይዝ ሌላው ሊቀየመኝ ሆነ፤ ባሌን አላስቀይም፣ ሽማግሌውን አላስቀይም። ስለዚህ ሁለቱንም ድክመት በቃሌ አጠናሁ። እንደ ሁኔታው አየዋለሁ ብዬ ነው። ጋሽ መዝገቡ ሲወጡ ደግሞ ለመዝጊያ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር ሰጡኝ። «በሚጣልብኝ ኃላፊነት ሁሉ ከልብ የመነጨ ትጋት ለማሳየት ዘወትር ዝግጁ መሆኔን ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ» ዓይነት ነገር ነው፤ በጀርመንኛው ግን ከዚህም ይረዝማል፣ ግሡም ዳር ላይ ነው ያለው። አማርኛም ግሡን ከኋላ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ግን አማርኛ ስናገር ግሡ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ በጀርመንኛ እኔ ነኝ እያለከለክሁ የምፈልገው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቤታችን ቤት አልነበረም። ምስር ሳማስል ኃላፊነት፣ ልብስ ሳሰጣ ትጋት፣ ገላዬን ስታጠብ ትዕግሥት ሆነ። ሊዲያ አነጋገሬን ታርመኛለች፤ «ከንፈርሽን እንደምታፏጪ አሹለሽ ‹ኢ› በይ» ትለኛለች። ሳፏጭ «ኢ»ው ይጠፋል፣ «ኢ» ስል ከንፈሬ ይበተናል። የጋሽ መዝገቡን ዐረፍተ ነገር ስትሰማ ደግሞ «ማማ፣ እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም» አለችኝ።

«ጋሽ መዝገቡ አሉ» አልኳት።

«ከሳቸው ሌላ።»

የቀጠሮው ቀን ባቡሩ ቢዘገይስ ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ተከታዩም ቢቀርስ ብዬ ከዚያም ቀደም አልኩ። የሚያስቀው ያን ቀን ባቡሩ ልክ በሰዓቱ መጣ፤ በሰላም አሳፍሮ በሰላም አወረደኝ። መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ለቀጠሮዬ ገና የትየለሌ ጊዜ ቀርቶኝ ነበር። ገብቼ ልቀመጥ ብል ደግሞ ጋሽ መዝገቡ አስጠንቅቀውኛል፤ «ማርፈድ ንቀት ነው፣ አለልክ መቅደምም ሰውን ማጣደፍ ነው» ብለውኛል። ስለዚህ ሕንፃውን ዞርኩት። ከጀርባ ጸጥ ያለ ግቢ አለ፤ ዛፎች፣ የብስክሌት ማቆሚያ፣ ሰው የለም። እግዚአብሔር ያዘጋጀልኝ ቦታ መሰለኝ።

ልምምዴን ጀመርኩ። መጀመሪያ በልቤ ነበር። ከዚያ በሹክሹክታ ሆነ። ሹክሹክታ ላይ ግን ያች የተሾለች «ኢ» አልወጣ አለችኝና ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ዳር ላይ የቆመች አንዲት ብስክሌት መሪዋን እጅ አድርጌ ጨበጥኳት፤ ጠንከር፣ ግን ሪህ ላለበት ሰው የሚሆን። ፋኖሷን ዓይን አድርጌ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ስሜን ነገርኳት። የጋሽ መዝገቡን ድክመት ነገርኳት። አላማረኝም። የዳዊትን ድክመት ነገርኳት። እሱም አላማረኝ። «አንቺ ሰነፍ፣ ቀና በይ እንጂ!» ብዬ ራሴን በአማርኛ ተቆጣሁ። ቀጥዬ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ጀመርኩ፤ ኃላፊነትን አልፌ፣ ትጋትን አልፌ፣ ግሡ ላይ ስደርስ በደስታ የብስክሌቷን እጅ ነቀነቅኩት።

ብስክሌቷ ወደ ጎረቤቷ አዘመመች። ጎረቤቷም ወደ ጎረቤቷ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ቀስ ብለው፣ ተራ ጠብቀው፣ እየተቃቀፉ እስከ ግድግዳው ድረስ ተነጠፉ። መጨረሻ ላይ የአንዷ ደወል «ቅጭል» አለች።

ቦርሳዬን ጥዬ ማንሣት ጀመርኩ። አንዷን ሳቆም ሌላዋ ትተኛለች። የአንዷ ፔዳል የሌላዋ ጎማ ውስጥ ገብቷል። «እመቤቴ ማርያም፣ ምነው ዛሬ እንኳ!» እያልኩ ስታገል ከበላዬ አንድ ወንድ ድምፅ በጀርመንኛ፦

«ይቅርታ፣ ደህና ነዎት?» አለ።

ቀና ስል ፎቅ ላይ አንድ ጭንቅላት በመስኮት ወጥቷል።

«ደህና ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ቴርሚን አለኝ!»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ቀጠሮ ያለው ሰው ብስክሌት ይጥላል የሚል ሕግ ያለ አስመሰልኩት። ጭንቅላቱ ተመልሶ ገባ። ብስክሌቶቹን እንደምንም አቆምኩ፣ እጄ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት በመሀረብ ፈተግኩ፣ ሰዓቴን አየሁ። ያ ሁሉ የተረፈኝ ጊዜ አልቋል። ቀድሜ መጥቼ ላረፍድ ነው! እየሮጥኩ ገባሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። ሌላው ጢማም ሰውዬ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ፣ እፊቱ፣ የብስክሌት ቆብ ተቀምጧል። ከጀርባቸው መስኮት አለ። መስኮቱ ክፍት ነው። ጭንቅላቱን አወቅኩት።

«ውሃ ይጠጣሉ ወይስ ቡና?» አለችኝ ሴትዮዋ።

እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ነው ተብዬ ነው የተዘጋጀሁት። «የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ከመጣሁ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ውሃ ላምጣልዎ» አለችኝ በቀስታ።

ሰውዬው ጢሙን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «መንገዱን በቀላሉ አገኙት?» አለ። ይሄም አልተጠናም ነበር። «ብስክሌቴስ ደህና ናት?» አለ ቀጥሎ።

ፊቴ ነደደ። ተነሥቼ ልውጣ ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ «ይቀመጡ፣ እባክዎ» አለችኝ። «ይቅርታ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። መስኮቱን መዝጋት ነበረብን። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ መጨረሻውን ለመስማት ፈለግን። ያን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር… አያቴ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።»

«አንድ ነገር ብቻ አልገባንም» አለ ሰውዬው። «ድክመትዎ የትኛው ነው? ሁለት ሰምተናል።»

ያን ጊዜ ያጠናሁት ሁሉ ከራሴ ውስጥ ተነሥቶ በዚያው በክፍቱ መስኮት ወጣ። አንድ ቃል እንኳ አልቀረኝም። ማልቀስ ቃጣኝ፤ የማመካኝበት ሽንኩርት ደግሞ የለም።

«አንዱ የባሌ ነው» አልኩ። «አንዱ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ። እንዳይቀያየሙብኝ ብዬ ሁለቱንም ይዤ መጣሁ።»

«የእርስዎስ?»

«እኔ ፈሪ ነኝ» አልኳቸው። «በር ቆልፌ ተመልሼ አየዋለሁ። ምድጃ አጥፍቼ ተመልሼ አየዋለሁ። የማጸዳው ሕንፃ ውስጥ መስኮት ሁሉ መዘጋቱን ሳላይ አልወጣም፤ አሁን እንኳ ያ መስኮት ተከፍቶ ዓይኔ ከእሱ ላይ አልነሣ ብሏል። ባቡር ይዘገያል ብዬ ፈርቼ ማለዳ ነው የመጣሁት። ቀድሜ መጣሁ ብዬ ፈርቼ ደግሞ ጓሮ ተደበቅኩ። የቀረውን አይታችኋል።»

ሁለቱ ተያዩ። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ከፊት ለፊት ሆኜ ላነብ ሞከርኩ፤ የጀርመን እጅ ጽሑፍ ቀጥ ብሎም አይነበብልኝ፣ እንኳን ተገልብጦ።

ከዚያ በኋላ ስለ ፈረቃው፣ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ሐኪም ምርመራው ነገሩኝ፤ እኔም የምችለውን መለስኩ። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ «እርስዎስ እኛን የሚጠይቁት አለ?» አለች። ለዚህ ጋሽ መዝገቡ ስለ ድርጅቱ የረጅም ጊዜ ዕቅድ የሚል ጥያቄ አዘጋጅተውልኝ ነበር፤ እሱም ከነቤተሰቡ በመስኮት ወጥቷል። የቀረኝ የራሴ ነው።

«ሰው ትራሙን ለመያዝ እየሮጠ ሲመጣ በመስታወት ካየሁት» አልኩ፣ «መጠበቅ እችላለሁ?»

«አይቻልም» አለ ሰውዬው። «አንዱን ሲጠብቁ ከኋላ ያለው መስመር ሁሉ ይዘገያል።»

«ይቻላል» አለች ሴትዮዋ በዚያው ቅጽበት። «ዝናብ ከሆነ፣ ሰውየውም በዕድሜ ገፋ ያለ ከሆነ…»

«የሰዓት ሠሌዳ ዝናብ አያውቅም።»

«አንተ አሥር ዓመት ነድተሃል፣ አንድም ሰው ጠብቀህ አታውቅም?»

«ያ ሌላ ነገር ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ተያያዙ። ኩሽናዬ ትዝ አለኝ፤ ሻይ የምቀዳላቸው ቢኖረኝ በቀዳሁላቸው ነበር። መኖሬን ሲያስታውሱ ሁለቱም አፍረው «እንደውልልዎታለን» አሉኝ። ዓይናቸውን አይቼ፣ እጃቸውን ጨብጬ ወጣሁ። ዓይናቸውን ማየቴን ያወቅኩት ደረጃውን ወርጄ ስጨርስ ነው።

ቤት ስደርስ ዳዊት ለዚያ ቀን ፈረቃ ቀይሮ፣ ጋሽ መዝገቡን ከጎኑ አስቀምጦ ጠበቀኝ። እንደሆነው አድርጌ ነገርኳቸው።

«ፈሪ ነኝ አልሻቸው?» አለ ዳዊት።

«አልኳቸው።»

ጋሽ መዝገቡ ኮፍያቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። «ልጄ፣ የኔን ድክመት ባትወጂው እንኳ የባልሽን ማለት ትችዪ ነበር» አሉ። ከተዋወቅን ጀምሮ የዳዊትን ሐሳብ ሲደግፉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ስልኬን ከእጄ አላወርድም፤ ሊጥ ስለውስ በክርኔ ነው የምገፋው። ቁጥሩ የማይታወቅ ሰው ሲደውል ተጣድፌ ስከፍተው ኢንተርኔት ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ልጅ ይሆናል። ጋሽ መዝገቡ በየቀኑ «ደወሉ?» ብለው ይደውላሉ፤ ዳዊት ከኤርፖርት «ደወሉ?» ብሎ ይደውላል። ሁለቱ መስመሩን ይዘውት እነዚያ በየት በኩል እንደሚደውሉ እንጃ። እኔ ግን አልቆጣም። የጨነቀው ሰው የሚጨነቅለት ሲያገኝ መስመር ቢያዝበትም ይችላል።

የተደወለልኝ ከገበያ ስመለስ ደረጃ ስወጣ ነው። ሁለቱም እጆቼ ዕቃ ይዘዋል። ከረጢቱን ጥዬ አነሣሁት። ሴትዮዋ ነበረች፤ በድምፅዋ አወቅኳት። ሐኪሙ ካሳለፈኝ መከር ሲገባ ሥልጠና እንደምጀምር ነገረችኝ። ሌላም ብዙ ነገር ተናገረች፤ እኔ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ። በጀርመንኛ ይሁን በአማርኛ ስል የነበረው እስከዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ድንቹ ወደ ታች እየተንከባለለ ነበር፤ አልተከተልኩትም።

ከታች አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት የሚጎተት የገበያ ጋሪያቸውን ይዘው፣ አንድ ድንች በእጃቸው አንሥተው ወጡ። አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ከሰላምታ በቀር አውርተን አናውቅም።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? አመመሽ?»

«አይ» አልኳቸው። «የሽትራሰንባን ሹፌር ሆኜ ነው።»

አሮጊቷ ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ድንቹን እንደ ጣት ወደኔ ቀስረው፦

«እንግዲያው ፍሬኑን ቀስ ብለሽ ያዢ!» አሉ። «አርብ ዕለት ድንገት ስትይዙት እንቁላሌ በሙሉ ተሰበረ።»

ብድግ ብዬ ቆምኩ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ስለ እንቁላሉ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ እያለኝ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።